ለክቶ መልቀቅ

«ጅራቱን ጎትቶ ነው እኮ ያረዘመለት! በዚህ በዓይኔ ነው ያየሁት!» ይህን ያለው ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እግሩ ሥር ተንበርክካ እስፒል እየሰካች ነውና እጇ ባለበት ቆመ። ነገሩ የሐይቁ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ነው፤ ዓሣው ተይዞ፣ ተለክቶ፣ በነፍሱ ተመልሶ ወደ ውሃው የሚለቀቅበት፣ ረጅሙን የያዘ ዋንጫ የሚወስድበት ውድድር። ታዲያ ባለፈው ዓመት ለኪው ለወዳጁ ሲሆን ጅራቱን ወደ ኋላ ሳብ ያደርጋል፣ ለማያውቀው ሰው ሲሆን ዓሣው ተጣጥፎ እንደተኛ ያነባል። ሰፊዋ እስፒሉን ከከንፈሯ አውጥታ «እና ዝም አላችሁ?» ብላ ጮኸች፤ ደንበኛው እንዳትወጋው ፈርቶ እግሩን ሰበሰበ። «ምን እናድርግ እትዬ ሚሊ? ዓሣው እንደሆነ ተለቋል። ማን ይመስክር?» አላት። ሚሊ ያሏት ደንበኞቿ ናቸው፤ «ሁለት ሚሊ ቀርቷታል» እያለች ያለቀለትን ልብስ ስለምትፈታ። ያን ቀን ሱሪውን አሳጥራ ስትጨርስ አላስቻላትም፤ ሱቋን ዘግታ በቀጥታ የአጥማጆቹ ማኅበር ሊቀመንበር ቤት ሄደች።

ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው፤ ክኒን ሲቆጥሩ የኖሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው። «ለኪ ከቸገራችሁ እኔ አለሁ» አለቻቸው በሩ ላይ ቆማ። «ዓሣ ለክተሽ ታውቂያለሽ?» ቢሏት፣ «ሰው ለክቼ አውቃለሁ። ሰው ሲለካ ሆዱን ይስባል፣ ተረከዙን ያነሳል፣ ትናንት የከሳ ይመስል ይምላል። ዓሣ ከዚህ ይብሳል?» አለች። ሰውየው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁና በዚያው ሾሟት።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ሱቋ ከፊት፣ መኝታዋ ከኋላ የሆነች፣ አንድ መጋረጃ የሚከፍላት ቤት ናት ያለቻት። ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ሻይዋን ከስፌት መኪናው አጠገብ ጠጣች፤ ሜትሯን እንደ ልማዷ አንገቷ ላይ ጣል አደረገች። ከመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ በአንሶላ የተጠቀለለ ሳንቃ ተኝቷል። ትናንት ማታ ያመጣችው የወንድሟ ሚስት ናት፤ «ወንድምሽ ለውድድሩ ሠራልሽ፤ በቃ እንግዲህ፣ ሁለታችሁም ልብ ግዙ» ብላ አስቀምጣላት ሄደች። ታላቅ ወንድሟ አናጢ ነው። ይኼንኑ የመቁረጫ ጠረጴዛ የሠራላት እሱ ነበር፤ እሷም ደንበኞች በተሰበሰቡበት ሜትሯን ዘርግታ «ጋሼ፣ በዚህ በኩል አንድ ጣት አጥሯል» አለችው። እውነቷን ነው፣ አጥሯል። ግን እውነት ሁሉ በሰው ፊት አይባልም። አናጢው መዶሻውን አንሥቶ ወጣ፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ የቤቷን ደጃፍ አልረገጠም። በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ አለ፣ ከሰላምታ ወዲያ ግን ወሬ የለም። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ሳንቃውን ባየች ጊዜ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። በርዝመቱ ተለጣፊ ሜትር ተለጥፎበታል፤ ከአንደኛው ጫፍ የዓሣው አፍ የሚያርፍባት ትንሽ የእንጨት ግድግዳ በሁለት ብሎን ጥርቅም ተደርጋ ታስራለች።

ሐይቁ ዳር ሁለት የመለኪያ ቦታ ተዘጋጅቷል። በድንጋይ ደረጃው በኩል ፋርማሲስቱ ራሳቸው አሮጌውን የአሉሚንየም መለኪያ ይዘው ቆሙ፤ በጀልባ መቆሚያው በኩል ደግሞ እሷ ከአዲሱ ሳንቃ ጋር። ወንድሟ ቀድሟት መጥቶ ከተገለበጠች ጀልባ ላይ ባርኔጣውን ደፍቶ ተቀምጧል። የበዓል ሸሚዙን ለብሶ ነው የመጣው፤ ኮሌታው አንድ ጣት እንደሰፋው ዓይኗ ወዲያው አየ፣ አፏ ግን ለዛሬ ታቀበ።

«ደህና አደርሽ?»

«ደህና፣ ጋሼ። አንተስ?»

«ደህና። ነፋስ አለ ዛሬ።»

«አዎ፣ አለ።»

እሷ ሳንቃውን ከጠረጴዛው ላይ አስተካክላ ካስቀመጠች በኋላ እጇ በራሱ ጊዜ አንገቷ ላይ ወዳለው ሜትር ሄደ። ሳትለካው የምትቆርጠው ጨርቅ፣ ሳትፈትሸው የምታምነው መለኪያ የላትም፤ እንኳን የሰው ሥራ የራሷንም ሜትር በየወሩ «ተለጥጦ እንዳይሆን» ብላ ከብረት ማስመሪያ ጋር ታስተያያለች። ቀና ስትል ግን ወንድሟ ከባርኔጣው ሥር ትክ ብሎ ያያታል። አቤት ይሉኝታ! ስንቱን ሰው ገደል ከትቷል። ሁለት ዓመት አኩርፎ፣ በስንት ልመና፣ በገዛ እጁ ሠርቶ የላከውን ዕቃ ገና ፊቱ ላይ ልትለካበት? እጇን መልሳ የቀሚሷን አንገት እንዳስተካከለች ሰው አስመሰለች። «ቆንጆ ሥራ ነው» አለች ጮክ ብላ። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ውሃው ዞረ።

ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ ሳንቃው በሐይቁ ውሃ ይርሳል፤ ደረቅ እንጨት የዓሣውን ልጋግ ገፍፎ ለበሽታ ያጋልጠዋል። እጅም ይርሳል። ዓሣው ከመረቡ ወጥቶ በጎኑ ይጋደማል፣ አፉ ተዘግቶ ግድግዳዋን መንካት አለበት፤ ጅራቱ ሳይጎተት ሁለቱ ጫፎቹ በሁለት ጣት ገጠም ይደረጋሉ፤ ያን ጊዜ ይነበባል። ከግማሽ ሴንቲ በታች የሆነች ትርፍ ለማንም አትታሰብም። ፎቶ ይነሣል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ዓሣው ውሃ ውስጥ ተደግፎ ራሱ ነቅቶ እስኪሄድ ይጠበቃል። ሚሊ ይኼን ሁሉ ለመፈጸም ከሰላሳ ቆጥራ አታልፍም። አንዱ ዓሣ ሲወራጭ እርጥብ መዳፏን ዓይኑ ላይ ሸፈን አድርጋ «እሺ የኔ ጌታ፣ አልቋል፣ ወገብህን ብቻ ነው» ስትለው ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። «ትንሽ ይጨመርልኝ እንጂ፣ እርጥብ ነው እኮ፣ ሲደርቅ ያጥራል!» ያለ ቀልደኛ ነበር፤ «እሱ ጥጥ ጨርቅ ነው፤ ሂድ ወዲያ!» አለችው። ክፉ ቃል ሳይሰማ፣ ማንም ሳይከራከር ረፋዱ አለፈ። ሰው መለኪያ ሲያምን እንዴት ደስ የሚል ፍጡር ነው!

ወንድሟ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ከጀልባዋ ላይ አልተነሣም። ከዚያ ሳንቃው መድረቅ ሲጀምር እሷ ባልዲ ለመሙላት ወዲያ ወዲህ ስትል አየና ባልዲውን ከእጇ ወሰደ። ዓሣ በመጣ ቁጥር ቀድሞ ውሃ የሚያፈስ እሱ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ አፉም ተፈታ። «እንጨቱ ውሃ አልጠጣም፣ አየሽ? ቫርኒሽ ሦስት እጅ ነው የመታሁት» አላት። «አየሁ። እጄ ሥር ሸርተት ይላል እንጂ አይይዝም» አለችው። «ብሎኖቹንም የማይዝጉትን ነው ፈልጌ ያመጣሁት።» «ያስታውቃሉ።» ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሲነጋገሩ ለሚያያቸው ሰው ሁለት ዓመት የተኳረፉ አይመስሉም ነበር። ሚሊ በልቧ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ማለት ይኼ ነው አለች። ሆዷ ሙሉ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰች መሆኗ እንኳ ትዝ አላላትም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ መረቧን ተሸክማ እስከ ጉልበቷ በስብሳ በድንጋይ ደረጃው በኩል ወጣች። ፋርማሲስቱ ለክተው «ሃምሳ አራት!» ሲሉ ሐይቁ ዳር በእልልታ ተናጋ። ነርሷ ስድስት ዓመት ስትወዳደር ከሦስተኛ አልፋ የማታውቅ፣ ሌሊት ሠርታ ጠዋት የምታጠምድ ሴት ናት። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ የከተማው አውቶቡስ ሾፌር ደግሞ ዓሣውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሚሊ ዘንድ እየሮጠ መጣ። ለካችው፤ አንዴ፣ ደግማም። ሃምሳ አራት ተኩል። ሾፌሩ ዓሣውን ግንባሩ ላይ ስሞ ለቀቀውና መቆሚያው ላይ ጨፈረ። ነርሷ ከሩቅ አጨበጨበችለት፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ ውሃውን ደፋች።

ሰዓቱ አለቀ። ወንድሟ «ሻይ ላምጣልሽ፣ ከንፈርሽ ደርቋል» ብሎ ወደ ኪዮስኩ ሄደ። ሻይ ላምጣልሽ! ይህቺን ቃል ስትሰማ ዕንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ሳንቃውን አጥባ፣ በፎጣ አድርቃ፣ በአንሶላው ልትጠቀልለው ስትል ያ የፈረደበት እጇ በልማድ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዶ ሳንቃው ላይ ዘረጋው። ጫፉን ከግድግዳዋ አስነካች። ሳንቃው ሃምሳ በሚልበት ቦታ የሷ ሜትር አርባ ዘጠኝ ይላል። «እንዴ!» አለች። ደግማ ዘረጋች። አርባ ዘጠኝ። ጎንበስ ብላ ግድግዳዋን አየቻት። ወንድሟ ተለጣፊውን ሜትር እስከ ጫፍ ድረስ ለጥፎ ግድግዳዋን ከላዩ ላይ ነው ያሰራት፤ የመጀመሪያዋ ሴንቲ ከግድግዳዋ ሥር ተቀብራለች። ተለጣፊው ቁጥር ያለው በየአምስቱ ብቻ ስለሆነ ያንን ሁሉ ሰዓት ዓይኗ ሥር ሆኖ አላየችውም። በዚህ ሳንቃ የተለካ ዓሣ ሁሉ አንድ አንድ ሴንቲ ተመርቆለታል። ሾፌሩ ሃምሳ ሦስት ተኩል ነው። አንደኛዋ ነርሷ ናት።

ወንድሟ የነበረባት ጀልባ ላይ ተቀመጠች። ዓሣዎቹ ሐይቁ ውስጥ ናቸው፤ ማንም አይመሰክርም፣ ማንም አያውቅም። ዝም ብትል ነርሷ ለሰባተኛ ዓመት ባዶ እጇን ትገባለች፤ እሷም ጅራት ከሚጎትተው ሰውዬ በምን ትሻላለች? ብትናገር ደግሞ ወንድሟ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ለዚያውም በእሷው አፍ፣ ዳግመኛ «አጥሯል» ሊባል ነው። አንዴ ብትለው ሁለት ዓመት ቀረ፤ አሁን ብትደግመው ቀብሯ ላይም አይመጣ። ሁለት ሞት መጣ ቢለው አንዱን ግባ በለው ይባላል፤ ሚሊ ግን ለሁለቱም በሯን ዘግታ ሦስተኛ መንገድ ፈለገች፤ አገኘሁ ብላም ተነሣች።

ፋርማሲስቱ የውጤት ካርቶኑን እየሰቀሉ ነበር። «እኔ ዘንድ የተለካው ሁሉ አንድ ሴንቲ ይቀነስለት» አለቻቸው ፈጠን ብላ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አነባበቤ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጭረት አልፌ ነው ሳነብ የዋልኩት።»

ፋርማሲስቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ? ሳንቃው አይደለም?»

«ሳንቃው ደህና ነው። ዓይኔ ነው። አርጅቻለሁ መሰለኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና የእጅ ድምፅ ማጉያውን አነሡ። ለኪዋ በንባብ ስለተሳሳቱ፣ በጀልባ መቆሚያው በኩል ከተለካው ሁሉ አንድ ሴንቲ እንደሚቀነስ፣ አንደኛዋም ነርሷ እንደሆነች አስታወቁ። ሰዉ እንደ ንብ ቀፎ ተጉረመረመ። ሾፌሩ ፊቱ ጠቆረ። ነርሷ «ኧረ እኔ አልከሰስኩም!» ብላ ደነገጠች። ከኋላ ሙሉ ሱፍ የለበሰ አንድ ሰው፣ ሱፉን ራሷ ሚሊ የሰፋችለት ሰው፣ «የአምናው ሌባ ይሻል ነበር! እሱስ ዓይን ነበረው! ስንት ከፍላሻለች?» ብሎ ጮኸ። ሚሊ አንገቷን ደፋች። ሰላሳ ዓመት ክር በክር ያጠራቀመችው ስም በአንድ ከሰዓት ሲበተን ቆማ አየች። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። ግን ይሁን፣ አለች በልቧ፤ የኔ ይበተን፣ እሱ ብቻ ሻዩን ይዞ ይምጣ።

እሱም ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ከሰዉ ኋላ ቆሞ ሰምቷል። ብርጭቆዎቹን ለማያውቀው ሰው አስያዘና ገፍቶ መጣ። «ሳንቃውን አምጪው» አላት።

«ተወው ጋሼ፣ ሳንቃው ምንም አልሆነም።»

«አምጪው አልኩሽ።»

ራሱ አንሥቶ በፋርማሲስቱ ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ሜትሩን ከእህቱ አንገት ሳብ አድርጎ ዘረጋ። አየ። ጎንበስ ብሎ ግድግዳዋን አየ፤ አውራ ጣቱን ባሰራቸው ብሎኖች ላይ አሳለፈ። ባርኔጣውን አውልቆ ቀና ሲል ጆሮዎቹ እንደ ፍም ቀልተው ነበር። የድምፅ ማጉያውን አልተቀበለም፤ አናጢ ነው፣ ድምፁ ከመጋዝ ጩኸት በላይ መሰማት ለምዷል።

«ይህቺ ሴት ውሸቷን ነው!» አለ። «ዓይኗ ምንም አልሆነም። ይኼን ሳንቃ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ግድግዳውን ቁጥሩ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ልትለካው እጇን ስትሰድ አይቻታለሁ። እኔን ፈርታ ተወችው። እኔም መተዋን አይቼ ዝም አልኩ፤ ለካ እኔንም ማመን ትችላለች ብዬ ደስ አለኝ።» ከዚያ ሱፍ ወደለበሰው ሰውዬ ጣቱን ቀሰረ። «አንተ! ስንት ከፈለችሽ ያልከው! የእህቴን ስም ይዘህ እንዳትሄድ። አሁን፣ እዚሁ መልስ!»

ሰውዬው ዙሪያውን ቢያይ የሚያግዘው አጣ። «ይቅርታ እትዬ ሚሊ» አለ፤ «ሱፉም ልክክ ብሎልኛል» ብሎ ሳይጠየቅ ጨመረ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሾፌሩም ቢሆን ኩርፊያ ያልፈጠረበት ሰው ነው፤ ካርቶኑ ጋ ሄዶ ስሙ ያለበትን ወረቀት በገዛ እጁ ነቅሎ ሁለተኛው መስመር ላይ ለጠፈና፣ «ሚስቴ ግን ደውዬ ነግሬያት ጎረቤት ጠርታለች እኮ! አሁን ምን ልበላት?» እያለ ነርሷን ትከሻዋን ጨብጦ ሳማት። ነርሷ ዋንጫውን ስትቀበል አንደኛው እግሯ ባዶ ነበር፤ ጫማዋን የት እንደጣለችው በኋላ ብዙ ተፈለገ።

ሰዉ ሲበተን ወንድምና እህት ባልዲውን፣ ፎጣውን፣ ጠረጴዛውን ሲሰበስቡ ቀሩ። ሚሊ ዕንባዋን በፎጣው ትጠርጋለች፤ ፎጣው ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ግድ አልሰጣትም።

«አሳፈርኩህ፣ ጋሼ» አለች።

«አሳፈርሽኝ እንጂ!» አለ ብሎኑን በኪሱ ቢላዋ ጫፍ እየፈታ። «ሳትለኪው በመቅረትሽ አሳፈርሽኝ። ስትዋሺልኝ ደግሞ የባሰ። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ እንዴ? እህቴ እውነት ልትነግረኝ የማትችል?»

«ነህ» አለችው።

እጁ ቆመ። ያየኛል፣ ይነሣል፣ ሳንቃውን ሐይቅ ውስጥ ወርውሮ ይሄዳል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ቢላዋውን አጠፈና አፈር ላይ ቁጢጥ እንዳለ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀ። «ነኝ» አለ። «ነኝ፣ እውነትሽን ነው።» እሷም ሳቋ ከዕንባዋ ጋር ተቀላቅሎ አመለጣት፤ ከሩቅ የሚያዩዋቸው ፋርማሲስት የሚሳሳቁ ይሁኑ የሚላቀሱ መለየት አቅቷቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«እራት አንቺ ዘንድ ነኝ» አለ ሲነሣ።

«ምንም የለኝም እኮ! ዳቦ ብቻ ነው ያለው። ቤቱም አልተጠረገም።»

«ዳቦ ምን ጎደለው? ደግሞ እኔ ቤት ልገዛ ነው እንዴ የምመጣው?» ብሎ ሳንቃውን በብብቱ ሸጎጠና ቀድሟት መንገድ ጀመረ። ማዘጋጃ ቤቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቆፍሮ የዘጋውን፣ አጥር የተቀየረበትን፣ አዲስ ሱቅ የበቀለበትን ጠባብ መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ ሳይጠይቃት፣ ዘወትር እንደሚመላለስበት ሰው በትክክለኛው ማዕዘን ታጥፎ በሯ ላይ ደርሶ ቆመና ቁልፉን እስክታወጣ ጠበቃት።